ሐፍረት ሲሸምት

አገራችን ውስጥ አንድ ሰው ስልክ ሲገዛ የማይጠይቀው ጥያቄ የለም። ኦሪጅናል ነው? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ካልሠራ ትቀይርልኛለህ? ጫማ ሲገዛ ያጥፈዋል፣ ያሸተዋል፣ ሶሉን በጥፍሩ ይጭረዋል። በግ ሲገዛማ ላቱን ሳይዳብስና ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ገበያተኛ ግን ለወሲብ የሚሆን ነገር ሊገዛ ሲነሳ ድንገት ዱዳ ይሆናል። ዋጋ አይከራከርም። ጽሑፉን አያነብም። የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ አይጠይቅም። በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የመጣለትን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል።

በዚህ ገበያ ገዥው ሰውየው አይደለም፤ ሐፍረቱ ነው። ሐፍረት ደግሞ ክፉ ሸማች ነው። ይቸኩላል፣ አይጠይቅም፣ የገዛው ነገር ቢጎዳውም ተመልሶ አይከስም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ቴሌግራም የሚጠቀም ሁሉ ገበያውን አይቶታል። ክኒን አለ፣ “የወንዶች ማር” አለ፣ “የወንዶች ቡና” አለ፣ የሚረጭ ስፕሬይ አለ፣ ብልት ያሳድጋል የሚባል ቅባትና ፓምፕ አለ፣ ቀለበት አለ፣ ሲሊኮን ነው የሚባል የወሲብ መጫወቻም አለ። ማስታወቂያው አንድ ዓይነት ነው፦ መቶ በመቶ ውጤታማ፣ ምንም ጉዳት የሌለው፣ ባሉበት በሚስጥር የሚደርስ። የሻጩ ስም የለም፤ ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ዕቃው ጉዳት ቢያደርስ የሚጠየቅ የለም። ጠያቂስ ከየት ይመጣል? ማን ደፍሮ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ “የገዛሁት ቀለበት እንዲህ አደረገኝ” ብሎ ቃሉን ይሰጣል?

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነገሮች ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት የተጻፈ አይደለም። መጠቀም ይገባል አይገባም የሚለው የየሰው የህሊና፣ የሃይማኖትና የትዳር ጉዳይ ነው። የሚገዛው ሰው ግን አለ፤ ብዙም ነው። ሰውነትን የሚነካ፣ ወደ ደም የሚገባ ነገር የሚገዛ ሰው ደግሞ በግ ሲገዛ የሚያደርገውን ያህል እንኳ መጠየቅ አለበት። ክርክራችን ይኸው ነው።

በሽታ ወይስ ፍላጎት?

ብዙ ወንድ ወደዚህ ገበያ የሚገባው ለጨዋታ ብሎ አይደለም። ብልቱ እንደ በፊቱ አልቆም ስላለው ነው፤ ወይ ቶሎ ስለሚጨርስ ነው፤ ወይ ደግሞ በስልኩ ያየው ፊልም “አንተ ጎደሎ ነህ” ስላለው ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ሻጩ ግን ለሦስቱም አንድ ፌስታል ነው ያለው።

ስንፈተ ወሲብ የሚባለውን እንይ። አንድ ቀን ደክሞ፣ ተጨንቆ ወይም ጠጥቶ አልሆን ቢል ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም። ለወራት ሲደጋገም ግን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ተካሂዶ በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ታዋቂ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ከሆኑ ወንዶች መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት ቀላልም ይሁን ከባድ ይህ ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል። ከሁለት ወንድ አንዱ ማለት ነው። “እኔ ላይ ብቻ ለምን?” ብሎ በየጨለማው የሚጨነቅ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ ግማሹ ጭንቀት ይቀልለት ነበር።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን ምክንያቱ ነው። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ደሙን የሚያመጡት ሥሮች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ሥሮች ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ሥሮችን ሲያጠቡ ቀድሞ የሚቸገረው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ የልብ ሕመም ራሱን ከማሳየቱ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ችግሩ መኝታ ቤት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖር ሰውም የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየው እዚያው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶችም ችግሩን ያመጣሉ፤ እነሱን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሌላ አደጋ ነው፣ ሐኪሙ ሊቀይራቸው ይችላል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ክኒን ወይም ፓምፕ ሸጦ መሸኘት ማለት፣ መኪናው ላይ የዘይት መብራት ለበራበት ሾፌር መብራቱን በፕላስተር እንደ መሸፈን ነው። መብራቱ አይታይም፤ ሞተሩ ግን መንደዱን አይተውም። አባቶች “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ምርጫ እንግዲህ “የትኛውን ልግዛ?” የሚለው አይደለም። “ስኳሬን፣ ግፊቴን፣ ኮሌስትሮሌን ከተለካሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?” የሚለው ነው።

ክኒኑና “ማሩ”

ቪያግራ በሚለው ስም የሚታወቀው ሲልዴናፊል የተገኘው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። የፋይዘር ኩባንያ ተመራማሪዎች በእንግሊዟ ሳንድዊች ከተማ ይሠሩበት የነበረው ለልብ ሕመም፣ በተለይም ለደረት ውጋት እንዲሆን ነበር። ለታሰበለት ነገር ብዙም አልፈየደም፤ የሞከሩት ወንዶች ግን ሌላ ለውጥ አዩ። በመጋቢት 1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለስንፈተ ወሲብ ሕክምና ፈቀደው። ጥሩ መድኃኒት ነው። በሐኪም ትዕዛዝ ለተወሰደና ለሚስማማው ሰው ትዳር አስታርቋል።

ነገር ግን ከልብና ከደም ሥር ጋር የተወለደ መድኃኒት መሆኑን መርሳት የለብንም። ደም ሥር ያሰፋል። ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒን ወይም ሌላ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልዴናፊልን ከጨመረበት፣ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ይህ “የጎንዮሽ ጉዳት” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በፍጹም አብረው የማይወሰዱ ናቸው። ሲልዴናፊል ከወሰደ በኋላ ደረቱን የወጋው ሰውም ሆስፒታል ሲደርስ የወሰደውን መናገር አለበት። ካልተናገረ፣ ሐኪሙ ሊያድነው ብሎ የሚሰጠው መድኃኒት ሊገድለው ይችላል። ሐፍረት ሰው ይገድላል ስንል ቀልድ አይደለም።

ሌላም አለ። ክኒኑ ፍላጎት አይፈጥርም፤ የሚሠራው ፍላጎት ሲኖር ነው። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ከተወሰደ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ክትፎ በልቶ የዋጠ ሰው “አልሠራም” ብሎ ሁለተኛ የሚደግመው በዚህ የተነሳ ነው። ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ አልመለስ ካለ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው፤ እየተጠበቀ ባደረ ቁጥር የውስጡ ሥጋ እየሞተ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ መቆም የሚባል ነገር ላይመለስ ይችላል። “ያድርልኝ፣ ነገ አያለሁ” የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ክኒን እፈራለሁ ያለው ደግሞ ወደ “ማሩ” ይሄዳል። ማር መድኃኒት ነው እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነንና፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ማር ማንንም አያስፈራም። በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው አስተዳደር እንዲህ ያለ ማር ለሚሸጡ አራት ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ምርቶቹ በላቦራቶሪ ሲፈተሹ፣ ከረጢቱ ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ወይም የእሱ ዘመድ የሆነው ታዳላፊል ተገኝቶባቸዋል። ማለትም “ተፈጥሯዊ” የተባለው ማር ራሱ ክኒኑን ደብቆ ይዟል፤ ያውም መጠኑ ሳይታወቅ። የልብ ሕመምተኛው ክኒኑን ፈርቶ በማር ዋጠው ማለት ነው። “ማሩ እንዴት ይሠራል ባክህ!” የሚለው ምስክርነት እንግዲህ ማሩን አያስመሰግንም፣ ያሳስባል እንጂ።

ስፕሬዩስ? ቶሎ ለሚጨርስ ሰው የሚሸጠው በአብዛኛው ማደንዘዣ ነው፣ ሊዶኬይን ወይም መሰሉ። በልኩ ከተጠቀሙበት ይረዳል። አብዝቶ የረጨ ግን ራሱም ይደነዝዛል፣ ሚስቱንም ያደነዝዛል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መታጠብ ወይም ኮንዶም ማድረግ ያስፈልጋል። ከቀለበት ወይም ከፓምፕ ጋር ማደንዘዣ መጠቀም ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ሕመም የሰውነት ጠባቂ ነው፤ ጠባቂውን አስተኝቶ በር መክፈት ብልህነት አይደለም።

ፓምፑና ቀለበቱ

ፓምፑን ሰው ሁሉ እንደ ባለጌ ዕቃ ያየዋል እንጂ በወጉ ከተሠራ የሕክምና መሣሪያ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። ጌዲንግስ ኦስቦን የሚባሉ የጆርጂያ ሰው የመኪና ጎማ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ በ1960ዎቹ ለራሳቸው ችግር ብለው አየር የሚስብ ቱቦ ሠሩ፣ ለዓመታትም ራሳቸው ተጠቀሙበት። በ1982 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው አስተዳደር ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ ደም ወደ ብልት ይሳባል፤ ደሙ እንዳይመለስ ሥሩ ላይ የሚለጠጥ ቀለበት ይደረጋል። ናይትሬት ስለሚወስድ ክኒን ለተከለከለ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው።

ታዲያ የሕክምናውን ፓምፕ ከቴሌግራሙ ምን ይለየዋል? አንድ ትንሽ ነገር፦ የስበቱን ኃይል የሚገድብ መቆጣጠሪያ። እሱ የሌለው ፓምፕ ልክ የለውም፤ ደም ሥር ሊበጥስ፣ ሊያቆስል፣ ሊያሳብጥ ይችላል። መቆጣጠሪያም፣ አየር ፈጥኖ የሚለቅ ቁልፍም የሌለው ከሆነ አይገዛ። ዋርፋሪንና መሰል የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የደም መርጋት ችግር ያለበት ወይም የሲክል ሴል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

ለቀለበቱ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ቀለበቱ የታሰረ ደም ይዞ ነው የሚቆየው፤ የታሰረ ደም ደግሞ ኦክስጅኑ ያልቃል። አድርጎት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው፣ በተለይ ጠጥቶ ከሆነ፣ የሚነቃው ሌላ ችግር ላይ ነው። የሚለጠጥና በቀላሉ የሚፈታ እንጂ ብረት አይመረጥ። ብልት አብጦ ብረቱ አልወጣ ሲል ሐኪሞች በብረት መቁረጫ ሲታገሉ የሚያሳዩ ዘገባዎች በሕክምና መጽሔቶች ሞልተዋል። የጣት ቀለበት፣ የቧንቧ ቀለበት፣ የጠርሙስ አፍ፣ የፀጉር ላስቲክ፤ እነዚህ ሁሉ ሰው የሞከራቸውና ሆስፒታል ያስገቡ ናቸው። በሽንት ቀዳዳ በኩል ደግሞ ምንም ነገር አይገባም። ምንም።

“ያሳድጋል” ለሚለው ማስታወቂያም አንድ ቃል እንበል። ፓምፕም ቅባትም ክኒንም ብልትን ለዘለቄታው አያሳድግም። ፓምፑ ደም ስለሚስብ ለጊዜው ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በተለያዩ አገሮች በጤና ባለሙያዎች የተለኩ ከ15 ሺህ በላይ ወንዶችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ የቆመ ብልት አማካይ ርዝመት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በፊልም ከሚታየው በብዙ ያነሰ ነው። “ጎደሎ ነኝ” ብሎ ከሚጨነቀው ወንድ አብዛኛው ጎደሎ አይደለም። ሲለካ የኖረው በተሳሳተ ሜትር ነው።

መጫወቻ የተባሉት

ለሕክምና ሳይሆን ለደስታ የሚሸጡት ዕቃዎች ጉዳይ ደግሞ ዓለምም ዘግይቶ የነቃበት ነው። ለጎማ፣ ለሶኬት ዓለም አቀፍ ደረጃ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ለወሲብ መጫወቻዎች ግን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የመጀመሪያውን ደረጃ ያወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቁጥሩ አይ.ኤስ.ኦ 3533 ይባላል። ሐሳቡን ያነሱት በመጥፎ ዕቃ የተጎዱ ሰዎችን ሲያክሙ የቆዩ አንድ የስዊድን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። እስከዚያ ድረስ ብዙ አምራቾች “ለቀልድ ብቻ የሚሆን” ብለው ዕቃው ላይ እየጻፉ ከተጠያቂነት ያመልጡ ነበር።

ስለዚህ የመግዛት ሐሳብ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ከምን ተሠራ?” የሚለውን ነው። ንጹህ ሲሊኮን ተመራጭ ነው፤ ቀዳዳ ስለሌለው ቆሻሻና ጀርም አይመጥም፣ በሚገባ ይጸዳል። ለወንዶች የሚሸጡት ለስላሳ መጫወቻዎች ግን አብዛኞቹ ሲሊኮን ቢባሉም ሲሊኮን አይደሉም። ቲ.ፒ.ኢ የሚባል የሚለጠጥ ጎማ ናቸው፤ እንደ ስፖንጅ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላላቸው ቢታጠቡም ሙሉ በሙሉ አይጸዱም። ከሁሉም የከፋው ለስላሳ ፒ.ቪ.ሲ ነው። ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመሩ ፍታሌት የተባሉ ኬሚካሎች ይኖሩበታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹን የአውሮፓ ኅብረት ከልጆች መጫወቻ ያገደው በ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ለልጅ አሻንጉሊት ያልተፈቀደ ነገር ለአዋቂ ብልት እንዴት ይሆናል? አፍንጫ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሲከፈት እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት፣ ሲነኩት የሚያጣብቅ ወይም ቅባት የሚያወጣ ዕቃ ወደ መጣበት ይመለስ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማለስለሻ ነው። እኛ ጋ ቤት ውስጥ የተገኘውን፣ ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ የፀጉር ቅባት መጠቀም የተለመደ ነው። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ዘይትነት ያለው ነገር ሁሉ የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀደድ ይችላል። ማለትም ሰውየው ኮንዶም አድርጌያለሁ ብሎ ያለ ኮንዶም ይቀራል። ሲሊኮን ያለበት ማለስለሻ ደግሞ የሲሊኮን ዕቃን ያበላሻል። ለሁሉም የሚስማማው ውሃ ላይ የተመሠረተው ነው፤ ቢደርቅ መጨመር ነው።

ሦስተኛው እንክብካቤ ነው። ከመጠቀም በፊትም ከተጠቀሙ በኋላም ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና መታጠብ አለበት፤ ውስጡም ጭምር። ሞተር የሌለው ንጹህ ሲሊኮን ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ መቀቀል ይቻላል። ባትሪ ያለው ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም። በረኪና አይነካውም፤ ዕቃውንም ገላንም ይልጣል። ከታጠበ በኋላ በደንብ ይደርቅ፤ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። በንጹህ ጨርቅ ለብቻው፣ ልጅ እጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። የተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ ዘመኑ አብቅቷል። ከሰው ጋር መጋራት ማለት አባላዘርንም መጋራት ማለት ነው፤ ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ኮንዶም ይልበስ፣ ኮንዶሙም በየሰው ይቀየር። “ያገለገለ ግን ንጹህ” ተብሎ የሚሸጠውንማ በጭራሽ!

አራተኛውና የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ “ባለቤቴስ ምን ትላለች?” ነው። ባል ደብቆ የሚያመጣው ዕቃ ሚስት መሳቢያ ስትከፍት የምታገኘው ከሆነ፣ መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የጠብ ምንጭ ይሆናል። የማትፈልገውን ሰው ማስገደድ ደግሞ በየትኛውም ስም ደስታ አይባልም።

ማን ምን ያድርግ?

አሁን ወደ መንግሥትና ወደ ባለሙያው እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒትንም የሕክምና መሣሪያንም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሰጥቷል። ክኒኑና የሕክምናው ፓምፕ እንግዲህ ባለቤት አላቸው ማለት ነው። መጫወቻዎቹ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 640 አስነዋሪ ጽሑፎችን፣ ምስሎችንና ሌሎች ነገሮችን መሸጥና ማሰራጨትን ይከለክላል። ሻጩም በጨለማ የሚሸጠው አንድም በዚህ ነው። የሕጉን ጉዳይ ሕግ አውጪው ይምከርበት። ዛሬውኑ መደረግ የሚችለው ግን ብዙ ነው።

ባለሥልጣኑ የትኛው የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት እንደተመዘገበ፣ የትኛው እንዳልተመዘገበ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች፣ ሰው በሚገባው መንገድ ያሳውቅ። “የወንዶች ማር” የተባለውን ከገበያ ገዝቶ ላቦራቶሪ ያስገባና ውጤቱን ይናገር። ፋርማሲዎቻችን ደግሞ ያለ ትዕዛዝ መሸጥን ይተዉ። እስኪተዉ ድረስ እንኳ ፋርማሲስቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ “የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?” ይህች ጥያቄ ነፍስ ታድናለች። ጥያቄዋ ግን ከኋላው አምስት ሰው ለተሰለፈበት ሰው ጮክ ተብላ የምትጠየቅ አይደለችም። ጥግ ላይ አንዲት መጋረጃ ብትኖር ስንቱን ከቴሌግራም ትመልሰው ነበር!

ሐኪሞችም ስኳርና ግፊት የሚከታተሉለትን ወንድ “መኝታ ላይስ እንዴት ነህ?” ብለው ይጠይቁት። እሱ አይጀምረውም። የሚጀምረው ነጭ ጋዎን የለበሰው መሆን አለበት። ስለ እግር ቁስልና ስለ ዓይን እንደሚጠየቀው ሁሉ ስለዚህም ይጠየቅ።

“ይህ ለእኛ ባህል የማይሆን ወሬ ነው” የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚሉ ወገኖች የኮንዶምን ታሪክ ያስታውሱ። በ1986 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አገራችን ውስጥ ሲመዘገቡ፣ ኮንዶም የሚለውን ቃል ሰው ፊት ማንሳት ነውር ነበር። ከዚያ ሞት በየቤቱ ገባ። ሬዲዮው ተናገረ፣ ትምህርት ቤቱ ተናገረ፣ ዲኬቲ ኢትዮጵያ “ሕይወት ትረስት”ን በየመደብሩ አዳረሰ። ዛሬ ኮንዶም ሱቅ ውስጥ ከማስቲካ ጎን ተቀምጦ ይሸጣል፤ ባህላችንም አልፈረሰም። ጨዋነት ማለት አለመናገር አይደለም፤ አነጋገርን ማወቅ ነው። ያኔ ለመናገር የደፈርነው ብዙ ሰው ከቀበርን በኋላ ነበር። አሁን ስለ ልብ፣ ስለ ስኳርና ስለማይታወቅ ማር ለመነጋገር ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

ለወንዱ አንባቢ ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ችግሩ ከሦስት ወር በላይ ከቆየብህ፣ ገንዘብህን ለማታውቀው ስልክ ቁጥር ከመላክህ በፊት፣ ለምርመራ አውለው። የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ በየጤና ተቋሙ አለ፤ ደም ግፊት መለካት ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አፍህ አልላቀቅ ካለህ የምትለውን እዚሁ እናውስህ፦ “ዶክተር፣ ከባለቤቴ ጋር ስሆን ብልቴ አልቆም ይለኛል። ከጀመረኝ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል። የምወስደው መድኃኒት ይህ ነው።” ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ሐኪሙ በዚህ ሳምንት ከአንተ በፊት ከሌላ ሰው ሰምቷታል፤ ከአንተ በኋላም ይሰማታል።